የጎረቤት ጥቆማ፣ የፖሊስ ሥልጣንና የቤተሰብ ክብር

(ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት)

መግቢያ



በአገራችን ልማድ ልጅ የወላጆቹ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከቤቱ ርቆ የሚጫወት ሕፃን ያየ መንገደኛ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ የአባቱን ስም በሰማ ጊዜም እጁን ይዞ እስከ ደጁ ያደርሰዋል፤ አለዚያም «ቶሎ ግባ፣ እናትህ ትፈልግሃለች» ብሎ ይሰደዋል። ይህች አጭር ጥያቄ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ትፈጽማለች፤ ልጁን ትጠብቃለች፣ ወላጆቹንም ታከብራለች። ሕፃኑ ወላጅ እንዳለው፣ ስለ እርሱም አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው እነዚያ ወላጆች እንደሆኑ ታስባለችና።

ከተማ እየሰፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተራራቀ ሲሄድ ግን ይህ ጥያቄ ይቀርና በቦታው ስልክ ይተካል። ስጋት ያደረበት ሰው የልጁን ወላጆች በማነጋገር ፈንታ ፖሊስ ይጠራል። ፖሊስ ደግሞ በቅን ልቡና ቢመጣ እንኳ ኃይልና ሥልጣን ይዞ ስለሚመጣ፣ ከሚገባው አንድ እርምጃ ባለፈ ጊዜ በቤተሰቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህንኑ ነው። ጎረቤት ስለ ሕፃናት ደኅንነት ጥቆማ ሲሰጥ ፖሊስ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ ይገባዋል? ወሰኑን ሲያልፍስ የሚጎዳው ማን ነው? ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከየቁምስናችን ወጥተው በባዕድ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ዘመዶች ያሉን ብዙዎች ነንና።

1. በሲልቨር ስፕሪንግ የሆነው

ሲልቨር ስፕሪንግ በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ጋር ተያይዛ የምትገኝ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2014 የአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ የ10 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት እኅቱ፣ በወላጆቻቸው ፈቃድ፣ ከመጫወቻ ስፍራ ወደ ቤታቸው በእግር ይመለሱ ነበር። መንገዱ አንድ ማይል ያህል ነበር። ወላጆቻቸው፣ ልጅ በራሱ መተማመንን ጥቂት በጥቂት ሊለማመድ ይገባዋል ብለው ስለሚያምኑ፣ አስቀድመው በአጫጭር መንገዶች አለማምደዋቸዋል። አንድ ሰው ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን ሲሄዱ አይቶ ለፖሊስ ደወለ፤ ፖሊሶችም መጥተው በመኪና ወደ ቤታቸው አደረሷቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። አባትየው እንደ ገለጸው፣ ልጆቹን ለጥቂት ቀናት ያለ ጠባቂ እንደማይተው የሚያስገድድ ሰነድ እንዲፈርም ተጠየቀ፤ ባይፈርም ልጆቹ እንደሚወሰዱበት ስለ ተነገረው ፈረመ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ወር ያህል ከመረመረ በኋላ የወላጆቹን ቸልተኝነት «ያልተረጋገጠ» ብሎ ወሰነ፤ ጥፋተኞች ናቸው ሳይል፣ ነጻ ናቸውም ሳይል መዝገቡን ለ5 ዓመታት ሊያቆየው ነበር።

በተከታዩ ዓመት፣ እሑድ ኤፕሪል 12 ቀን 2015፣ ሁለቱ ልጆች ከቤታቸው ብዙ በማይርቅ ስፍራ ሳሉ ሌላ ሰው እንደገና ለፖሊስ ደወለ። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነበር። ፖሊስ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብቶ ከ2 ሰዓት በላይ ካቆያቸው በኋላ፣ ወደ ቤታቸው በማድረስ ፈንታ ወደ ሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወሰዳቸው። ልጆቹ እስከ 12 ሰዓት ቤት እንዲደርሱ ታዝዘው ነበርና፣ ወላጆቻቸው በጭንቀት ሲፈልጓቸው ቆዩ። ወሬያቸውን የሰሙት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጆቻቸውን የተረከቡትም ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ።

በዚያው ዓመት እስከ ጁን ወር ድረስ ወላጆቹ ከሁለቱም ጥርጣሬዎች ነጻ ተባሉ። የሜሪላንድ መንግሥትም፣ ሕፃን ከቤት ውጭ ብቻውን መሄዱ ወይም መጫወቱ፣ ጉዳት ካልደረሰበት ወይም ከባድ አደጋ ካላሰጋው በቀር፣ ለምርመራ ምክንያት እንደማይሆን ደንቡን ግልጽ አደረገ።

2. ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ያስፈልጋል። የደወሉት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ነበሩ አንልም፤ ምናልባትም ለልጆቹ ከልብ ሰግተው ይሆናል። ፖሊስ ጥሪ ሲደርሰው መጥቶ ማየቱም ግዴታው ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ካየ በኋላ ነው። ልጆቹ አልቆሰሉም፣ አልተራቡም፣ አልጠፉም፤ ቤታቸውም ቅርብ ነበረ። «የማን ልጆች ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበራቸው። ሆኖም ከመልሱ በኋላ መከተል የሚገባው ነገር፣ ይኸውም ወላጆቹን መጥራት፣ ሳይፈጸም ቀረ።

ከዚህ ሦስት ጥፋቶችን ለይተን ማየት እንችላለን። አንደኛው፣ ጥቆማን እንደ ማስረጃ፣ አልፎም እንደ ፍርድ መቁጠር ነው። ጥቆማ የምርመራ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ሁለተኛው፣ ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁትን ወላጆች ሳያነጋግሩ መወሰን ነው። ሦስተኛው፣ ልጅን የመውሰድን ሥልጣን እንደ ማስፈራሪያ መጠቀም ነው። ልጁን እንዳያጣ የሚፈራ አባት የማያምንበትን ነገር ሁሉ ይፈርማልና፣ እንዲህ የተገኘ ፊርማ የፈቃድ ፊርማ ሊባል አይገባም።

ደግሞም ለልጆቹ የተፈራላቸው ነገር ምን እንደ ነበር እናስተውል። የማያውቁት ሰው በመኪና ይወስዳቸዋል፣ ወላጆቻቸውም የት እንዳሉ ሳያውቁ ይቀራሉ የሚል ነበር። በዚያች ምሽት የደረሰባቸውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ወሳጁ የደንብ ልብስ የለበሰ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ልጅ በመንገድ ቢጠፋ ወደ ፖሊስ ይሮጣልን? ወይስ ከፖሊስ ይሸሻል?

ይህ ዓይነቱ ነገር በድኻው ላይ ሲደርስ ደግሞ ይከብዳል። በዚያው በ2014 ዓመት በበጋ፣ በደቡብ ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ በምግብ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እናት፣ የ9 ዓመት ልጇ ሰው በሚበዛበት የመጫወቻ ስፍራ ስልክ ይዛ እንድትውል ፈቅዳ ወደ ሥራዋ ሄደች። በስፍራው የነበረ ሌላ ሰው ልጅቱን «እናትሽ የት ናት?» ብሎ ጠየቃትና ለፖሊስ አመለከተ። እናቲቱ ታሰረች፤ ልጅቱም ከሁለት ሳምንት በላይ በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ቆየች። ልጇን የምታስጠብቅበት ገንዘብ የሌላት እናት የሚያስፈልጋት ጠባቂ እንጂ እስር ቤት አልነበረም። የጠየቀው ሰው ያቀረበው ጥያቄ እንደ እኛው ጥያቄ ነበር፤ የጎደለው፣ ጥያቄው የፖሊስን ደጅ እንጂ የእናቲቱን ደጅ አለማንኳኳቱ ነው።

3. ዝምታም ይገድላል

ይህን ብለን ብቻ ብናልፍ ግን እውነቱን በግማሽ የተናገርን እንሆናለን። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የተባለች የአይቮሪ ኮስት ተወላጅ ሕፃን፣ የተሻለ ትምህርት ታገኛለች ተብሎ ከአባቷ አክስት ጋር ወደ አውሮፓ ተላከች። እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ከደረሰች በኋላ የምትጠብቃት ሴት ቤተሰብ በሰውነቷ ላይ ጉዳት አይተው ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ፖሊስም ወዲያው ከለላ ሰጣት። በማግስቱ ግን ቁስሉ የእከክ በሽታ ነው ስለ ተባለ ከለላው ተነሣ፤ ሕፃኒቱም ወደሚያሠቃዩዋት ሰዎች ተመለሰች። በየካቲት 2000 በ8 ዓመቷ ሞተች። በሎርድ ላሚንግ የተመራውና በ2003 የታተመው ምርመራ፣ ፖሊስና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሊያድኗት የሚችሉባቸውን ብዙ አጋጣሚዎች እንዳሳለፉ አሳየ።

ስለዚህ የትምህርታችን ፍሬ ነገር «ጎረቤት ዝም ይበል፣ ፖሊስ አይምጣ» የሚል አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ ደኅና ልጆች ተያዙ፤ በለንደን የቆሰለች ልጅ ተለቀቀች። ሁለቱ ስሕተቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ስፍራ የልጁን ሁኔታ ቀርቦ፣ ጠይቆና መርምሮ የሚያይ ሰው ጠፋ። አንደኛው ጥቆማውን ሳይመረምር አመነ፤ ሁለተኛው ማስተባበያውን ሳይመረምር አመነ።

የጥቆማ ብዛትም ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በአሜሪካ አገር በ2022 ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን የሚመለከቱ 4 ሚሊዮን ያህል ጥቆማዎች ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ደርሰዋል። ከእነዚህ ጥቆማዎች ለምርመራ ወይም ለሌላ ክትትል ያለፉት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ በደል ወይም ቸልተኝነት እንደ ደረሰባቸው የተወሰነው ሕፃናት ቁጥር 560 ሺህ ያህል ነበር። የቀረው ሁሉ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን በመንገድ የሚራመድ ልጅ ጉዳይ የመርማሪዎችን ጊዜ በያዘ መጠን፣ በተዘጋ በር ውስጥ የሚሠቃየው ልጅ ተራው ይዘገያል።

4. ሕግ ያኖረው ወሰን

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ1922 የኦሬገን ክፍለ ግዛት ሕፃናት ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ ባወጀ ጊዜ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የነበራቸው የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳት ስሞች እኅቶች ሕጉን ተቃውመው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 ለእኅቶቹ ፈረደ፤ ልጅ የመንግሥት ንብረት እንዳልሆነና እርሱን የማሳደግና የመምራት መብትም ግዴታም በመጀመሪያ የወላጆች እንደሆነ አስረዳ።

ከዚህ ትምህርት ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ደግሞ በ1999 በምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። በ1994 በካሊፎርኒያ አንድ ሰው ሌሊት የሕፃን ጩኸት ሰማሁ ብሎ ጠቆመ። ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛና ፖሊስ፣ የፍርድ ቤት ፈቃድም ሆነ የእናቲቱ ፈቃድ ሳይኖራቸው፣ ወደ ቤት ገብተው የሕፃኒቱን ገላ አስገልጠው መረመሩ። ፍርድ ቤቱ፣ አስቸኳይ አደጋ ሳይኖር እንዲህ መግባት በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ብርበራ መሆኑን ወሰነ። የሕፃናት ደኅንነት ከዱላ መጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ፣ የቤታቸው ክብርና የገላቸው ምስጢር መጠበቁም ከደኅንነታቸው የሚቆጠር እንደሆነ አመለከተ።

በሌላ በኩል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006፣ ፖሊስ የቆሰለን ወይም ለጉዳት የተቃረበን ሰው ለማዳን ያለ ፈቃድ ቤት ሊገባ እንደሚችል ወስኗል። እንግሊዝ አገርም በ1989 ባወጣችው የሕፃናት ሕግ፣ ፖሊስ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሕፃን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያቆይ የሚችለው ቢበዛ ለ72 ሰዓታት መሆኑን፣ ለወላጆቹም በተቻለ ፍጥነት ማስታወቅ እንዳለበት ደንግጋለች። እንግዲህ ወሰኑ ግልጽ ነው። አስቸኳይ አደጋ ካለ ፈጥኖ ማዳን፤ ከሌለ መጠየቅ፣ ማጣራት፣ የሚያስፈልግ ከሆነም ዳኛ ፊት ማቅረብ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነገር በኋላ የዩታ ክፍለ ግዛት በ2018፣ ዕድሜውና ብስለቱ የሚፈቅድለት ልጅ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ወይም ከቤት ውጭ መጫወቱ ቸልተኝነት እንዳይባል በሕግ ደነገገ። ቴክሳስና ኦክላሆማ በ2021፣ ኮሎራዶ በ2022 ይህንኑ ተከተሉ።

የአገራችን ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ በአንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ከሕገ ወጥ ብርበራ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት መሆኑን ያውቃል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ልጅን የሚበድል አሳዳጊን ይቀጣል። ሁለቱ ድንጋጌዎች አይጣሉም፤ ሁለቱም የቆሙት ለልጁ ነው።

5. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ መንግሥት እንደ ወደደ በቤተሰብ ጓዳ መግባቱ ትልቅ ስሕተት መሆኑን አስተማሩ። ወዲያውም ሁለት ነገሮችን ለዩ። ቤተሰብ ከአቅሙ በላይ በሆነ ችግር ቢያዝ የሕዝብ ሥልጣን ሊረዳው ይገባል፤ በቤት ውስጥ የአንዱ መብት በሌላው በከባድ ሁኔታ ቢጣስም ሥልጣኑ ገብቶ ለተበደለው መብቱን ሊያስከብርለት ይገባል። ፒዮስ 11ኛም በ1931፣ ታናሹ ማኅበር በራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ታላቁ ማኅበር እንዳይነጥቀው አስተማሩ። ይህ መርሕ መንግሥትን ለማራቅ የተሰጠ አይደለም፤ እርዳታው በተራው እንዲመጣ ነው። መጀመሪያ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ጎረቤትና ቁምስና፣ ከዚያም መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ ፖሊስና ዳኛ።

ስለ ጠቋሚው ኅሊና ደግሞ፣ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 እና 2478፣ በቂ መሠረት ሳይኖር የባልንጀራን ጥፋት እንደ እውነት መቀበል ኃጢአት መሆኑን፣ የሌላውንም ሥራ በተቻለ መጠን በበጎ መተርጎም እንደሚገባ ያስረዳል። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18፣ ወንድም ቢያጠፋ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ በምስክሮች ፊት፣ በመጨረሻ በማኅበር ፊት እንዲነገረው ሥርዓት ሰጥቷል። ይህ ሥርዓት ግን የሚደበደብን ሕፃን ለማዘግየት ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የሚጠብቀው ፍርድ አስቀድሞ ተነግሯል።

6. ምን እናድርግ?

ሀ. ለጎረቤት። ስልኩን ከማንሣትህ በፊት ራስህን ጠይቅ። ያየሁት ምንድን ነው? የገመትሁትስ? ልጁ ቆስሏል፣ ተርቧል፣ ይጮኻልን? ወይስ እኔ ልጆቼን ከማሳድግበት መንገድ በተለየ መንገድ ስላደገ ብቻ ነው? አደጋው የሚታይ ከሆነ ሳትዘገይ አመልክት፤ ዝምታህ በደል ይሆናልና። አደጋ ከሌለ ግን በሩን አንኳኳ። ስታመለክትም ያየኸውን ብቻ፣ ሳትጨምር ተናገር። በቂም፣ በአጥር ክርክር ወይም በኪራይ ጠብ ምክንያት የልጅን ስም ማንሣት ከሐሰት ምስክርነት ተራ የሚገባ ኃጢአት ነው። «ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል» ይባላል፤ ዕቃስ ይገዛል፣ ከእናቱ ጉያ የተወሰደ ልጅ ያጣው ቀን ግን በምን ይገዛል?

ለ. በውጭ አገር ለሚኖሩ ወላጆች። የምትኖሩበትን አገር ሕግ ዕወቁ። በሜሪላንድ ለምሳሌ፣ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው አስተማማኝ ጠባቂ ሳይኖር በቤት ወይም በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ክልክል ነው። ዱላም «እኛም እንዲሁ አደግን» በማለት የሚጸድቅ ነገር አይደለም። ፖሊስ ወይም ሠራተኛ ደጃችሁ ቢመጣ በትሕትና ተቀበሉ፤ ማንነቱንና የመጣበትን ምክንያት ጠይቁ፤ ሊገባ ቢፈልግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳለው ጠይቁ። በጉልበት አትከላከሉ። ቋንቋውን በሚገባ ካላወቃችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ የማይሸከመው ሸክም ነውና። ያልገባችሁን ሰነድ ቸኩላችሁ አትፈርሙ፤ የሕግ ዐዋቂ አማክሩ።

ሐ. ለካቴኪስቶች። ልጆች ምስጢራቸውን ለእናንተ ይነግሯችኋል። በልጅ ላይ እውነተኛ በደል መድረሱን ብትረዱ ነገሩን በሽምግልና ለመሸፈን አትሞክሩ፤ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። ችግሩ ድኽነት ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩን ወደ ፖሊስ ከመውሰዳችሁ በፊት ወደ ቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበር ውሰዱት። ሥራ የምትውል እናት ልጇን የምታውልበት ቤት ማግኘት ማኅበሩ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራን ምእመናን፤ ፖሊስ የሕፃናት ጠላት አይደለም፤ በእውነተኛ አደጋ ጊዜ በሩን ሰብሮ የሚያድን እጅ እርሱ ነው። ይህ እጅ በሚያስፈልግበት ሰዓት የታመነ እንዲሆን ግን በማያስፈልግበት ሰዓት መታቀብን ማወቅ አለበት። በእኛም ዘንድ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በስም ቢተዋወቅ፣ ከፖሊስ በፊት ወላጅ ይጠራል፤ ፖሊስም ሲጠራ በእውነት ስለሚያስፈልግ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እያንዳንዳችን በመንደራችን ስማቸውን የማናውቃቸውን ልጆች ወላጆች እንተዋወቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ብቻውን የሚሄድ ልጅ ብናይ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ለምን?

2. በሲልቨር ስፕሪንግና በለንደን የተፈጸሙት ስሕተቶች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

3. ድኽነትንና ቸልተኝነትን ለይተን የምናውቀው በምን ምልክት ነው?

4. ቁምስናችን ሠርተው ለሚያድሩ እናቶች በልጆች ጥበቃ በኩል ምን ሊያደርግ ይችላል?